የውሃ ሮኬት ከኪት፦ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚወነጨፍ

ፒያሳ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሳይንስ ክበብ ልጆች አሉኝ። ከእነሱ ጋር ብዙ ነገር ሠርተናል፤ እንደ ሮኬት የሚወዱት ግን የለም። ወላጆችም ሌሎች መምህራንም «እኛስ እንዴት እንሥራ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ኪቱ። ውጭ አገር የሮኬት ኪት ሲባል ብዙውን ጊዜ የካርቶን ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ የበልሳ እንጨት ክንፎችና ትንሽ ፓራሹት ያለበት ሳጥን ነው። ሞተሩ ለብቻው ይገዛል። ጣት የሚያህል የወረቀት ቱቦ ሆኖ ውስጡ ባሩድ ተጠቅጥቆበታል። ላዩ ላይ «ኤ8-3» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታያላችሁ። ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ አቅም ያመለክታል፤ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ሲሄድ አቅሙ እጥፍ ይሆናል። 8 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። 3 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆይበት ሰከንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ልጆች ቤታቸው ባሩድና ሌላ ነገር እየቀመሙ እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ነበር። ፋብሪካ የሠራው ሞተር ያንን አደጋ እንዲያስቀር ታስቦ የወጣ ነው።

ባሩድ ያለበት ሞተር በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ዘመድ ያመጣልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ሁለት ዓይነት ኪት እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። የካርቶኑ ያለ ሞተር መጣና ክፍል ውስጥ ለማሳያ ሆነ። የሚበረው ግን ሌላኛው ነው፤ በውሃና በብስክሌት ፓምፕ የሚወነጨፈው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የክብሪት ራስ እየፋቁ፣ ርችት እየፈቱ ቱቦ ውስጥ መጠቅጠቅ የለም። ልጆቻችሁ ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ ማየታቸው አይቀርም። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ለምን እንደማይሆን ንገሯቸው። ግፊቱን የሚለካ ነገር የለም፤ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅም የለም። መሀል ከተማ ላይ፣ ቤት ከቤት በተያያዘበት ሰፈር፣ እሳት የሚተፋ ነገር ማስወንጨፍም አይገባም። ውሃው ይበቃናል። ከበቂም በላይ ነው።

ጠርሙሱ

ኪቱ ውስጥ ያሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ የጠርሙሱን አንገት ጨምድዶ የሚይዝ መቆለፊያ፣ መቆለፊያውን ከርቀት የሚከፍት ገመድ፣ ከፓምፕ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ጎማ፣ አራት የፕላስቲክ ክንፎች፣ አንድ የስፖንጅ አፍንጫ። ጠርሙሱን የምታመጡት ራሳችሁ ናችሁ፤ ትልቁ ጥንቃቄም እዚህ ላይ ነው።

ሃይላንድ አይሆንም። ስስ ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ይጨማደዳል። የሚያስፈልገን ጋዝ ያለው ለስላሳ የመጣበት፣ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ሲሠራ ጀምሮ ግፊት እንዲችል ተደርጎ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቢውል፣ መኪና ላይ ሲናጥ ቢሄድ የጋዙን ኃይል መያዝ አለበት። ወገቡ ላይ ቅርጽ የበዛበትን ትታችሁ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለውን ምረጡ። ክንፍ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው።

ያገለገለ ጠርሙስ ምን አለሽ ተራም ቆራሌው ጋም ይገኛል። ለሌላ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለሮኬት ግን አልወደውም። የት እንደዋለ፣ ምን እንደተጫነው አይታወቅም። ቤት ለእንግዳ ወይም ለልደት የተገዛ ለስላሳ ሲያልቅ እሱን አስቀምጡ። እጠቡት፤ በሞቀ ውሃ ግን አይሁን። የፈላ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ወረቀቱን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አውልቁ እንጂ በምላጭ አትፋቁት። ከዚያ መስኮት ፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የትም ቦታ ነጭ የእጥፋት መስመር ወይም ጫር ካያችሁ ያን ጠርሙስ ለሌላ ነገር አውሉት።

ማጣበቂያን በተመለከተ፣ ሱፐር ግሉ ጠርሙሱን አድርቆ እንዲሰነጠቅ ስለሚያደርገው አትጠቀሙበት። የሚቀልጥ ትኩስ ሙጫም ቦታውን ያሳሳዋል። እኛ የምንሠራው በሰፊ ስኮችና በናስትሮ ብቻ ነው። ክንፍ ሲሰበር በቀላሉ ስለሚፈታም ይመቸናል።

ኪት ያላገኘ ሰው ጎሚስታ ቤት ይሂድ። የተጣለ ካላማዳሪ ላይ ያለው ቫልቭ በጎማ ቡሽ መሀል ቢገባ አየር ያስገባል። ልዩነቱ ቡሹ መቆለፊያ የለውም፤ ግፊቱ ሲበረታበት በራሱ ጊዜ ይለቃል። መቼ እንደሚለቅ ስለማይታወቅ ፓምፑ በረጅም ጎማ ከሮኬቱ መራቅ አለበት። መቆለፊያ ያለው ኪት የሚሻለኝ ለዚሁ ነው። ቆጥረን፣ ሁሉም ሰው ቦታውን ይዞ፣ እኛ ስንፈልግ ነው የሚለቀው።

ክንፍ

ክንፎቹ ጠርሙሱ አፍ በኩል ይሆናሉ፤ ሮኬቱ ሲቆም አፉ ወደ ታች ነውና። አራቱ ክንፎች እኩል መራራቅ አለባቸው። በዓይን ግምት አትሥሩት። ቀጭን ወረቀት በጠርሙሱ ወገብ ዙሪያ ጠምጥሙና የተገናኘበት ላይ ቁረጡት። ወረቀቱን ፍቱና ሁለቴ እኩል እጠፉት። መልሳችሁ ስትጠመጥሙት ሦስቱ እጥፋቶችና ጫፎቹ የተገናኙበት ቦታ አራቱ የክንፍ ቦታዎች ይሆናሉ። በማርከር ምልክት አድርጉባቸው።

አሁን ከእያንዳንዱ ምልክት ቀጥ ያለ መስመር ማውረድ አለብን። ማስመሪያ ክብ ነገር ላይ ይንሸራተታል። ብየዳ ቤት ገብታችሁ አንድ ክንድ የሚያህል የአንግል ብረት ቁራጭ ለምኑ። ጠርሙሱን ጎድጓዳው ውስጥ ስታስተኙት የብረቱ ጠርዝ ከጠርሙሱ ርዝመት ጋር ትክክል ይሄዳል። ማርከሩን ጠርዙን አስደግፋችሁ ጎትቱ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ደስ የሚላቸውን ነገር እወደዋለሁ፤ ለቀጣዩ መስመር ይሻማሉ።

የኪቱን ክንፎች መስመሩ ላይ አስቀምጡና በሁለቱም ጎን በስኮች ያዙ። ከላይና ከታች ደግሞ ጠርሙሱን የሚዞር ናስትሮ ጨምሩ። ሲያልቅ ጠርሙሱን አንሱና ከአፉ በኩል በአንድ ዓይን አነጣጥሩ። ክንፎቹ ንጹሕ መስቀል ሆነው መታየት አለባቸው። አንዱ ከዘመመ ሮኬቱ ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በእኩል ከዘመሙ ይሽከረከራል፤ እሱ ያን ያህል አይጎዳም፤ ከፍታ ግን ይቀንሳል።

ሚዛን

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ክፍል ውሰዱ። ብዙ ሰው ሮኬት አልወጣ ሲለው አየር ይጨምራል። ፓምፑን ይደበድባል። ሮኬቱ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ሚዛን ነው።

ሮኬት ላይ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው የክብደት ማዕከል ነው፤ ሮኬቱን በገመድ ስታንጠለጥሉት አግድም የሚቆምበት ቦታ። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው፤ ነፋስ ከጎን ሲገፋው የግፊቱ ድምር የሚያርፍበት ቦታ። የክብደቱ ማዕከል ወደ አፍንጫው፣ የግፊቱ ማዕከል ወደ ክንፉ መሆን አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አየር ላይ ያለ ነገር የሚዞረው በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ ነው። ሮኬቱ ትንሽ ሲያዘነብል ነፋሱ ጎኑን ይገፋዋል። ግፊቱ ከክብደቱ ማዕከል በስተኋላ ካረፈ ጭራው ወደ መስመሩ ይመለሳል። ከፊት ካረፈ ግን አፍንጫውን ይበልጥ ይገለብጠዋል። ከዚያ ሮኬቱ መገለባበጥ ይጀምርና ጥቂት ሜትር ሄዶ ይወድቃል።

የክብደት ማዕከሉን ማግኘት ቀላል ነው። ባዶውን ሮኬት፣ ፓራሹቱና አፍንጫው ሳይቀር ሁሉንም አሟልታችሁ፣ በሲባጎ ቋጠሮ አንጠልጥሉት። አግድም ሲቆም ያንን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ውሃ አትጨምሩበት። ውሃው ገና መነሻው ላይ ስለሚያልቅ የቀረውን መንገድ ሮኬቱ የሚጓዘው ባዶውን ነው።

ለግፊት ማዕከሉ ካርቶን ያስፈልጋል። ሮኬቱን ካርቶን ላይ አጋድሙት፤ ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይታዩ። ዙሪያውን በእርሳስ ንደፉና ቁረጡት። የተቆረጠውን ካርቶን ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ የሚመጣጠንበትን ፈልጉ። ለእኛ ሥራ የግፊት ማዕከሉ እዚያ አካባቢ ነው ብላችሁ ያዙት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ቢያንስ የጠርሙሱን ውፍረት ያህል ርቀት ይኑር። ለሁለት ሊትር ጠርሙስ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ርቀቱ ካነሰ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምሩ። እኛ ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሊን ነው የምንጠቀመው። ከ50 ግራም ጀምሩና እየለካችሁ ጨምሩ። ሚስማር፣ ብሎን፣ ድንጋይ አይገባም። የሚወርደው ነገር የሰው ራስ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ አፍንጫው ከነክብደቱ ለስላሳ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ክብደት ተጨምሮበት እንዴት የበለጠ ይወጣል?» በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርሃን ወዳለበት ሜዳ እናወጣውና አንድ ባዶ ጠርሙስ በእጁ አስወረውረዋለሁ። ጥቂት ሄዶ አየሩ ያቆመዋል። ከዚያ ፕላስቲሊን ያለበትን፣ ክንፍ ያለውን ይወረውራል። መልሱን ራሱ ያየዋል። ቀላል ነገር ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። ከመጠን በላይ ሲከብድ ደግሞ ውሃው አያነሳውም። መሀሉን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ማዞር ነው። የክብደት ማዕከሉ ላይ ሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ እንዳይንሸራተት በናስትሮ ያዙት። ሁለት ሜትር ያህል ገመድ ልቀቁና ሰው በሌለበት እንደ ወንጭፍ ከራሳችሁ በላይ አዙሩት። አፍንጫው ፊት ሆኖ ከሄደ ሮኬታችሁ ይበራል። ጎኑን ሰጥቶ ወይም በጭራው ከሄደ ወደ ፕላስቲሊኑ ተመለሱ። ይህን ፈተና ያላለፈ ሮኬት ሜዳ አይወጣም። ክበባችን ውስጥ የማያወላዳ ሕግ ይኼ ነው፤ ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ራሳቸው ናቸው የሚያስከብሩት።

ፓራሹት ከፌስታል

ትልቅና ስስ ፌስታል ምረጡ። ጎንና ጎኑን ቀዳችሁ ዘርጉት፤ ስምንት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ይባላል፤ እኔ ግን ትንሽ ጨምሩ እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሮኬቱ ሲወጣ ይህ ይጠቅመዋል፤ የሚጎትተው አየር ያንሳል። ሲወርድ ግን ፓራሹቱ የሚይዘው አየር ስላነሰ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። 70 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት አትጸጸቱም።

ስምንቱም ማዕዘን ላይ ስኮች ለጥፉና በስኮቹ ላይ ቀዳዳ አብጁ፤ አለዚያ ፌስታሉ ይቀደዳል። ስምንት ክር፣ ርዝመታቸው እኩል፣ እያንዳንዱ የፓራሹቱን ስፋት ያህል። የክሮቹን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥሩና በጠንካራ ሲባጎ ከጠርሙሱ ጋር እሰሩ። አፍንጫውንም በዚያው ሲባጎ እሰሩት፤ ለብቻው እንዳይወድቅ። ከማጠፋችሁ በፊት ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ፌስታል ሲታጠፍ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ አየር ላይ አልከፈት ይላል።

አፍንጫው መጥበቅ የለበትም። ጠርሙሱ አናት ላይ ልቅ ብሎ ይቀመጥ። ሮኬቱ ሲወጣ አየሩ ወደ ታች ተጭኖ ይይዘዋል። ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቀዘቅዝና መገልበጥ ሲጀምር በራሱ ይወልቅና ፓራሹቱን ያወጣዋል። ምንም ፍንዳታ፣ ምንም ምንጭ የለውም። ሁልጊዜ ግን አይሳካም፤ ስለዚህ የሚመለከት ሰው ሁሉ ፓራሹቱ እንደማይከፈት አድርጎ ይቁም።

ውሃና አየር

ከጠርሙሱ ሲሶውን ውሃ ሙሉ። ለሁለት ሊትር ጠርሙስ 650 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሚገፋው የታመቀው አየር ነው፤ ውሃው ግን ወደ ኋላ የሚወረወረው ክብደት ነው። ሮኬት የሚሄደው ወደ ኋላ በሚወረውረው ነገር ነው፤ ኒውተን ያለው ይኼንኑ ነው። አየር ብቻ ከሆነ የሚወረወረው ቀላል ስለሆነ ግፊቱ ገና ሳይጀምር ያልቃል። ውሃው ከበዛ ደግሞ አየሩ የሚታመቅበት ቦታ ያንሳል፤ ሁሉንም ውሃ ሳያስወጣ ይደክማል።

ኃይሉን አትናቁት። ግፊቱ 4 ባር፣ ማለትም በጎሚስታው አቆጣጠር 60 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን፣ አፉ ሙሉ ለሙሉ ክፍት የሆነ ጠርሙስ ውሃውን በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ፍጥነት መትፋት ይጀምራል። ሮኬቱን ወደ ላይ የሚገፋው የመነሻ ኃይል 300 ኒውተን አካባቢ ይደርሳል፤ 30 ኪሎ የሚያህል ዕቃ ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ነው። ውሃው በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ አልቆ ጠርሙሱ በፍጥነቱ ብቻ ይቀጥላል። ዓይናችሁ ከመሬት ሲነሳ አያየውም፤ የምታዩት ነጭ የውሃ ጭጋግና ከላዩ ትንሽዬ ነጥብ ነው።

ስለዚህ 60 ላይ አቁሙ። ኪቱ ላይ ከዚህ ያነሰ ገደብ ከተጻፈ የተጻፈውን አክብሩ። አዲስ ጠርሙስ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ይችላል፤ እየተጠቀማችሁበት ሲሄድ ግን ይደክማል። ፓምፑ ላይ የግፊት መለኪያ መኖሩ ግዴታ ነው። መለኪያ የሌለው ፓምፕ ካላችሁ ባለ መለኪያ ተዋሱ። መለኪያው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ጎሚስታው ጋ ሄዳችሁ በአንድ ጎማ ላይ የሁለቱን መለኪያ ማስተያየት ትችላላችሁ። የኛ ሰፈር ጎሚስታ ልጆቹ ሲመጡ ሥራውን አቁሞ ያሳያቸዋል።

አዲስ ጠርሙስ ከመብረሩ በፊት እንፈትነዋለን። እስከ አፉ ጢም አድርገን ውሃ እንሞላዋለን፤ መቆለፊያው ላይ እንገጥመዋለን፤ ሳፋ እንደፋበታለን። ከዚያ በቀስታ ከምንጠቀምበት በ10 ከፍ አድርገን፣ የኪቱን ገደብ ሳናልፍ፣ እንነፋውና ጥቂት እናቆየዋለን። የኪቱ ገደብ ራሱ 60 ከሆነ ሜዳ ላይ 50 ላይ እናቆማለን ማለት ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ ጠርሙሱ ቢከዳ እንኳ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። በአየር ብቻ ግን ፈጽሞ አትፈትኑ።

ሜዳው

መሀል አዲስ አበባ ላይ ሜዳ ማግኘት ከባዱ ሥራ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ነው፤ አጥር አለው፣ የሚገባና የሚወጣው ይታወቃል። ጃን ሜዳም ሰፊ ነው፤ ግን ቅዳሜ ማለዳ በሯጮችና በኳስ ተጫዋቾች ይሞላል። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። «ጋሼ፣ ጠርሙስ በውሃ ልናስወነጭፍ ነው፣ እሳት የለውም» ብላችሁ ዕቃውን አሳዩአቸው። ካልፈቀዱ ተመለሱ። መስቀል አደባባይ አይሆንም፤ መኪናና ሰው ይበዛል። በቤተ መንግሥቱና በፓርላማው ዙሪያ፣ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ወደ ሰማይ የሚተኮስ የሚመስል ነገር ይዛችሁ አትቁሙ።

ከሁሉም አቅጣጫ 50 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ አይሁን። ሮኬቱ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ እዚያው ይቅር፤ ሌላ ጠርሙስ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወደቀም የቤቱን ባለቤት ጠይቃችሁ አዋቂ ያውርደው። ጊዜው ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ፓራሹቱን ይዞት ሰፈር ያቋርጣል።

አወነጫጨፉ እንዲህ ነው። መቆሚያውን ሦስቱንም እግር በካስማ መሬት ላይ ትከሉ። ጠርሙሱን አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ውሃውን ጨምሩ፤ መቆለፊያውን ግጠሙ፤ ሁሉንም በአንድነት ገልብጣችሁ መቆሚያው ላይ አስቀምጡ። አፍንጫውንና ፓራሹቱን የምታደርጉት ከገለበጣችሁ በኋላ ነው። ተመልካች በሙሉ 15 ሜትር ይራቅ። የሚነፋውና ገመድ የሚስበው ሰው ቢያንስ 5 ሜትር ርቀው የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። መንፋት ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ ጠርሙሱ አይቀርብም። አፍንጫው ቢዘምም፣ ውሃ ቢያንጠባጥብም አይቀርብም።

ገመዱ ተስቦ አልለቅ ካለ መጀመሪያ አየሩ ይውጣ። ከፓምፑ በኩል ጎማውን ፍቱና ግፊቱ ወርዶ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። የኪቱ ጎማ አየር የማይመልስ ቫልቭ ካለው ማስተንፈሻውን ከርቀት መክፈት መቻላችሁን ቤት ሳላችሁ ሞክሩ። ሜዳ ላይ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ከዚያ ይቆጠራል። ከአስር ወደ ታች፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ገመዱን የሚስበው ልጅ በየዙሩ ይቀያየራል፤ ማንም ሳይደርሰው አይቀርም።

ከፍታውን መለካት

ልጆቹ ወዲያው የሚጠይቁት «ስንት ሜትር ወጣ?» ብለው ነው። ፕሮትራክተር ያዙ። መሀሉ ላይ ክር እሰሩና በክሩ ጫፍ ዳዶ አንጠልጥሉ። ከመቆሚያው 30 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፤ በሜትር ለኩት እንጂ በእርምጃ አትገምቱ። ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ በፕሮትራክተሩ ቀጥታ ጠርዝ አነጣጥሩና ክሩን በአውራ ጣት ያዙት። ክሩ ከ90 ምልክት የራቀበት ዲግሪ ወደ ላይ ያያችሁበት ማዕዘን ነው። 45 ከሆነ ከፍታው ርቀታችሁን ያህል፣ 30 ሜትር ነው። ሌላ ከሆነ ርቀቱን በማዕዘኑ ታንጀንት አባዙት፤ ለ50 ዲግሪ 1.19፣ ለ60 ዲግሪ 1.73። የቆማችሁበትን የዓይናችሁን ቁመት ጨምሩበት። ሁለት ልጆች በተለያየ ቦታ ቆመው ቢለኩና አማካዩ ቢወሰድ ይሻላል።

በደንብ የተሠራ ጠርሙስ 30 ሜትርን ያልፋል። ከ209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ሕንፃ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ግን ለልጆቹ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1926 ማሳቹሴትስ ውስጥ ያስነሳት የመጀመሪያዋ የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት የወጣችው 12.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አየር ላይ የቆየችውም ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። የእናንተ ጠርሙስ በልጧታል። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አሳያቸዋለሁ። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና ታይዩዋን ስትወነጨፍ መረጃዋን ለመቀበል የተዘጋጀው ጣቢያ እዚያ ተራራ ላይ ነው። ያነሳትም ሮኬት የሄደው በዚሁ ሕግ ነው፤ ወደ ኋላ በወረወረው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ለዚህ ሁሉ ልፋት ይበቃኛል።

ሮኬቱ ሲመለስ ከሜዳው ሳትወጡ ጠርሙሱን እንደገና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ነጭ መስመር፣ ጉድፍ፣ የላላ ክንፍ ካለ አይደገምም። ደህና የሚመስል ጠርሙስም ቢሆን ጥቂት ቅዳሜ ካገለገለ በአዲስ ይተካ። ክንፉንና አፍንጫውን ፈታችሁ ወደ አዲሱ ማዛወር ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ሁሉም ነገር ሲሠራላችሁ ቀጣዩን ሙከራ ጀምሩ። ግፊቱን 50 ፒኤስአይ ላይ አጽኑት፤ ሮኬቱን አትንኩት፤ ውሃውን ብቻ ቀያይሩ። 300፣ 500፣ 700፣ 900 ሚሊ ሊትር። እያንዳንዱን ደጋግማችሁ አስወንጭፉና አማካይ ከፍታውን ደብተር ላይ ጻፉ። አግድም መስመሩ ላይ ውሃውን፣ ቁም መስመሩ ላይ ከፍታውን አድርጋችሁ ነጥቦቹን አያይዙ። መስመሩ ወጥቶ መውረድ የሚጀምርበት ቦታ ለእናንተ ጠርሙስ የሚስማማው የውሃ መጠን ነው። ሲሶ ያልኳችሁ ልክ መሆኑን እዚያ ላይ ታዩታላችሁ፤ ካልሆነም የራሳችሁን ቁጥር ያዙ።